ያልተነገረኝ ደረጃ

ባለፈው ሳምንት ከካርቱም የተፈናቀለ አንድ ሰው ከሱቄ ፊት ለፊት ምንጣፍ አንጥፎ የቤቱን ዕቃ ለሽያጭ ሲደረድር፣ ከድስቶቹና ከቬንትሌተሩ መካከል አንድ የቅርጫት ኳስ አየሁ፤ ቀለሙ ለቋል፣ አየሩ ግን አልወጣም። እኔ ጆንያና ገመድ የምሸጥ፣ ስነሳ ጉልበቴን ይዤ የምነሳ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግኩት፤ ከዚያም ሰው ያየኛል ሳልል ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት። ጎማ፣ አቧራና የልጅ ላብ ይሸታል። ባለዕቃው ልገዛው መስሎት ዋጋ ሊጠራ አፉን ሲከፍት አፍሬ መለስኩለትና ሱቄ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ማን ምን እንደገዛ አላስታውስም።

በልጅነቴ እዚሁ ሱዳን፣ ገደሪፍ ላይ፣ የሐበሻ ክበብ የምንለው ግቢ ከእህል ገበያው ጀርባ ነበር፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት፣ በሁለቱ ጫፍ ከአሮጌ በር የተሠራ ሰሌዳ የተሰቀለበት፣ ቀለበቶቹን ጋራዥ የሚሠራ ያገራችን ሰው ከጭነት መኪና ብረት በይዶ የሰጠን። መሬቱ ያው የገደሪፍ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ይውጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ስለዚህ ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልነበረም፤ ያነጠርካት ኳስ ስንጥቅ አግኝታ ለባላጋራህ ትገባለታለች። መቀባበል ብቻ ተማርን። ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ያደጉት የከተማው ልጆች ሊገጥሙን ሲመጡ፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከእጅ ወደ እጅ ስትበር እያዩ መጀመሪያ ይስቁብናል፤ ጨዋታው ሲጋመስ ሳቁ ይቀራል።

ይህን ያስተማሩን ጋሼ ደምለው ናቸው። ጎንደር የስፖርት አስተማሪ የነበሩ፣ በክፉው ዘመን በእግራቸው ድንበር ያቋረጡ፣ ገደሪፍ ከገቡ ወዲህ ደግሞ ለአንድ ነጋዴ ሰሊጥ የሚመዝኑ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። የቡድናችንን ታላላቅ ተጫዋቾች ደረጃ የማውጣትን ልማድ ያመጡትም እሳቸው ናቸው፤ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። ገደሪፍ ውስጥ ያለ ሰው ደረጃ አይሰጠውም፤ የሚመዘነው ሲሄድ ብቻ ነው። «ደረጃ ያለው ሰው ኳስ አያቀብልም» ይሉ ነበር። ከእኛ መንደር ደግሞ የማይሄድ አልነበረም፤ አንዱ ካርቱም፣ አንዱ አውስትራሊያ፣ አንዱ መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገሩ። ልጁን ሸኝተን በመጣን በመጀመሪያው አርብ ከሰዓት በኒሙ ጥላ ሥር ተኮልኩለን እንከራከራለን፤ ጉሮሯችን ሲዘጋና የሚጣሉት ተጣልተው ሲታረቁ ጋሼ ደምለው ቁጥሩን ይናገራሉ፣ ከእሱ በታች ያሉት አንድ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ። የተጻፈ ወረቀት አልነበረም፤ ዝርዝሩ የሚኖረው በራሳችን ውስጥ ነበር።

መሄድ ሰውን ያሳምረዋል። ብርሃኑ የሚባል ልጅ ነበረን፣ ከቀለበቱ ሥር ቆሞ እንኳ ኳስ የሚስት፣ አውስትራሊያ ሲሄድ በስንት ልመና ዘጠነኛ ያደረግነው። ከዚያ ካፖርት ለብሶ የተነሳው ፎቶ መጣ፤ ሰባተኛ ይሁን የሚል ተነሳ። መኪና ተደግፎ የተነሳው ሲመጣ አምስተኛ ደረሰ። ጋሼ ደምለው ፎቶውን ራቅ አድርገው አዩና «እውነት ነው፣ ከሄደ ወዲህ አንድም ኳስ ስቶ አያውቅም» አሉ።

እኔ ግን ደረጃዬን ለማወቅ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጥሩ የምቀማ፣ ጥሩ የምሮጥ፣ ስወረውር ግን እጄ የሚከዳኝ ተጫዋች ነበርኩ፣ ሰው በልቡ ስንተኛ እንደሚያደርገኝ ከፊቱ ላይ ለማንበብ ስሞክር እውል ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያስቀኝንም የሚያሳፍረኝንም ነገር ያደረግኩት ያኔ ነው። ያሳደገችኝን አክስቴን ለቀን ሥራ ድንበሩ አፋፍ ያለችው ገላባት ደርሼ እመለሳለሁ አልኳት፤ ለጓደኞቼ ግን ድንበሩን ተሻግሬ መተማ፣ ከዚያም ጎንደር ልገባ ነው፣ በቃኝ ስደት ብዬ ተሰናበትኳቸው። ስምንቱም ሎሪው ድረስ ሸኙኝ። የሁላችን አለቃ ታደለ፣ ዓይኑን ወደ ቀኝ ልኮ ኳሱን ወደ ግራ የሚሰጠው ታደለ፣ የሚጫወትበትን ሸሚዝ አውልቆ ሰጠኝ። ሰይድ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያልተለየኝ ጎረቤቴ፣ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ሎሪው ላይ ሆኜ ወርጄ እውነቱን ልንገራቸው አልኩ፤ ግን ስንተኛ ነኝ የሚለው ሐሳብ በለጠብኝ።

ገላባት ስምንት ቀን የሰሊጥ ጆንያ ተሸከምኩ። ከወዲያ ማዶ መተማ ይታያል፣ የአገሬ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ አልተሻገርኩም፣ እኔ የምቆጥረው አርብ እስኪያልፍ ነበር። በሚቀጥለው አርብ የታደለን ሸሚዝ ለብሼ ክበቡ ስገባ ሁሉም ደንግጠው ቆሙ፤ አንዱ አማተበ። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ከዚያም ዱላው። ጋሼ ደምለው ግን አልሳቁም። «ተመዝነሃል፤ ተመልሰሃልና አይነገርህም» አሉና ክርስቲያኑን በማርያም እስላሙን በአላህ አስማሏቸው።

ማንም አልነገረኝም። ሻይ ጋበዝኩ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። ታደለ ወደ ሊቢያ መንገድ ሲነሳ ሎሪው ጎን ቆሜ ጠየቅኩት፤ «ስትሄድ ትሰማለህ» አለኝና ራሴን ዳበሰኝ። በዚያ አርብ አንደኛ አደረግነው፤ የተቃወመ አልነበረም፣ ባሕሩን ይሻገር አይሻገር ግን እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ሌሎቹም ተራ በተራ ሄዱ፣ ሁሉም ያችኑ ቃል እየነገሩኝ። ጋሼ ደምለው እዚሁ ሞቱ፤ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ እንጂ አልተናገሩም። እኔ ብቻ አልሄድኩም። ፈርቼ ነው ወይስ ለምጄ ነው፣ ራሴም አላውቀውም፤ ቆየሁ፣ ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ ሚስቴን ቀበርኩ።

ከሁሉ ኋላ የቀረው ሰይድ ነበር። ክበቡ ፈርሶ መጋዘን ከተሠራበት በኋላ እንኳ አርብ አርብ ሱቄ ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ዝርዝሩን ከአንድ እስከ መጨረሻው እናወርደው ነበር፤ ሰይድ ክርክር ከሌለ ምሳ የማይበላ ሰው ስለነበር ታደለን ሁለተኛ ያደርገዋል፣ አምኖበት ሳይሆን እኔ እንድጮህ ብሎ። የማይስማማኝ ሰው አጠገቤ መኖሩ ምን ያህል ሀብት እንደነበረ አላወቅኩም። ጦርነቱ መጥቶ ልጁ ካምፓላ ሲወስደው ሸኘሁት፤ ስለ ደረጃዬ መጠየቅ አማረኝ፣ ሽበቴን አሰብኩና ተውኩት። በሕጉ መሠረት በመጀመሪያው አርብ ሱቄ ደጃፍ ብቻዬን ተቀመጥኩና ሦስተኛ አደረግኩት። ማንም አይሆንም አላለኝም፤ እንደዚያን ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

እና ኳሷን ባሸተትኩባት በዚያች ቀን፣ ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት፣ ለሰይድ ደወልኩለት። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ከተጠያየቅን በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያቆየሁትን ጥያቄ አወጣሁት። ገላባት የሄድኩ ጊዜ፣ ሰይድ፣ ስንተኛ አድርጋችሁኝ ነበር? መሐላው የተደረገላቸው ሰው ከሞቱ ስንት ጊዜያቸው፣ አሁንስ ንገረኝ።

«ወላሂ ያ ዞል፣ ረስቼዋለሁ» አለኝ፣ እንደ ሱዳኖቹ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው። «አስታውሳለሁ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። እንደተጨቃጨቅን አውቃለሁ፣ ቁጥሩ ግን ጠፍቶኛል። አንተው ደስ ያለህን ያዝ፣ እኔ ምስክር እሆንሃለሁ።»

ስለዚህ ሁለተኛ አልኩት። ከታደለ ቀጥሎ እኔ ነኝ አልኩት። ከመስመር ቆሜ የወረወርኩትን ኳስ አንድ ቀን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተንከባሎ ይስቃል፤ እኔም ያልኩት ለዚሁ ነበር። የማውቀው ሰይድ ከተመልካቾቹ መካከል እንኳ ሁለተኛ አትወጣም ብሎ ይጮህብኛል፣ ስልኩን ዘግቶብኝ መልሶ ይደውላል፣ በማን ላይ ስንት ኳስ እንደሳትኩ አንድ በአንድ ይቆጥርልኛል። መልሴን አዘጋጅቼ፣ እየሳቅኩ፣ ጠበቅኩት።

«ይገባሃል ፈንቴ» አለኝ። ድምፁ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት ለስለስ ያለ ነበር። «ይገባሃል ወንድሜ፣ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ።»

አመሰግናለሁ አልኩትና ያዘጋጀሁትን መልስ እንደያዝኩ ስልኩን ዘጋሁ።