የቅዳሜ ቴሌቪዥን ከግድግዳው ወዲያ

የታሰርኩት በእጅ ጽሕፈቴ ምክንያት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ የተጨማደደ ወረቀት አምጥቶ በንጹሕ እንድገለብጥለት ለመነኝ። ሰው ሲለምነኝ ደስ ይለኝ ስለነበር ሦስት ቅጂ ጻፍኩለት። አላነበብኩትም ብል ውሸት ይሆናል፤ አንብቤዋለሁ፤ መንግሥትን የሚቃወም ጽሑፍ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ያስጨነቀኝ መስመሩ እንዳይጣመም ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ከክፍል አስጠሩኝ። አንደኛው ወረቀቱን ከጂኦግራፊ ደብተሬ አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ አነጻጸረና፣ "የምታምር ጽሕፈት ናት" አለኝ።

"አመሰግናለሁ" አልኩት።

ወላጆቼ አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወጣ ብሎ ይኖራሉ። እኔ ግን ለትምህርት ስል ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ነበርኩ። የወሰዱኝም ከአክስቴ ቤት ብዙም ወደማይርቅ ቦታ፣ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ነው። በጎን በር አስገብተው በአንድ ጠባብ ኮሪደር መሩኝ። ያንን ኮሪደር ከውጭ አውቀዋለሁ፤ ወደ ሽንት ቤት የሚወስድ ይመስለኝ ነበር። መጨረሻው ላይ የቀድሞው የቀበሌ ሱቅ መጋዘን አለ። መስኮቱ በብሎኬት ተደፍኗል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ብቻ ነው። ዕቃው ከወጣ ስንት ዘመኑ ቢሆንም ክፍሉ የልብስ ሳሙናና የላምባ ሽታ ነበረው።

ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው የጫጫ ሰው ሲሆን ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሊጭነው የማይገባውን ተሳፋሪ ጭነሃል ተብሎ ነው የገባው። "ተማሪ ነህ?" አለኝ። "ጥሩ፤ ወንበር ሞልቷል፣ ትርፍ ሆነህ መሬት ላይ ተቀመጥ።" ሌላው የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ ጨውና በርበሬ የሚነግዱ፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ። አባባ እላቸው ነበር። እሳቸውም ሹፌሩም ተማሪው ይሉኝ ነበር እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

አባባ የተያዙት ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር ነው። ቆላ ላሉት ሽፍቶች መልእክት ታደርሳላችሁ ተብለው በአንድ ቀን ከገበያ ተወሰዱ። ልጁን በዚያው ኮሪደር ወደ ሌላ ክፍል አስገቡት። ከዚያ ወዲህ አላዩትም። ዘመድ ለሁለቱም ምግብ ያመጣል፤ የአባትየው ሳህን ወደ እኛ ይመጣል፣ የልጁ ወደዚያ ያልፋል። የልጁም ሳህን ባዶውን ይመለሳል። አባባ በየቀኑ ያንን ባዶ ሳህን በበሩ ክፍተት አጎንብሰው ያዩታል። ማን እንደበላው ግን ሳህን አይናገርም። በሕይወት አለ ወይስ የለም? ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

በገባሁ ሁለተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀምጬ ሳለ ከጀርባዬ ሙዚቃ ሰማሁ። ሙዚቃውን አወቅኩት።

በአዳራሹ ውስጥ በእንጨት ሳጥን የሚቆለፍ ቴሌቪዥን ነበር። ቅዳሜ ሳጥኑ ይከፈትና የሰፈሩ ሰው ጋቢውን ደርቦ በአግዳሚው ላይ ይደረደራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ከሁሉም የምወደው በባሕር ዳር ማማ ላይ ለመርከቦች መብራት ስለሚያበሩ አባትና ሴት ልጅ የሚተርከው ተከታታይ ፊልም ነበር። ንግግሩ የፈረንጅ ነው፤ ግማሹን እንገምታለን። ልጅቷ ደረጃውን ስትወጣ አብረን እንወጣለን። ጉሙ የአንኮበርን ጉም ይመስል ስለነበር አገሬን የማይ ይመስለኝ ነበር። ደወል አለ፣ ነፋስ አለ፣ እየዞሩ የሚጮኹ ነጫጭ የባሕር ወፎች አሉ።

አሁን እኔ ያለሁት ከዚያ ግድግዳ ኋላ ነው። ሙዚቃው አልቆ ነፋሱ ሲጀምር ድምፁ በድንገት ከፍ አለ። አንድ ሰው የድምፁን ቁልፍ አዙሮታል።

ያንን ቁልፍ ሁለት ዓመት ያዞርኩት እኔ ነበርኩ። ፊት ለፊት ስለምቀመጥ የአዳራሹ ጥበቃ በኋላ በር ብቅ ይልና አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያሳየኛል፤ እኔም ሮጬ እጨምራለሁ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል እኔን በመምረጡ ኮራ እል ነበር። ፊልሙን እንደኔ የሚወደው ይመስለኝ ነበር።

ድምፁ ከፍ ካለ በኋላ ጩኸት መጣ። ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከኮሪደሩ በኩል። ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ይሰበራል።

አባባ ቀና አሉ። "ተማሪው፣ ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?"

"የባሕር ወፍ ነው አባባ።"

"ወፍ?"

"ነጭ ነው። ከማማው በላይ ይዞራል። ፊልሙን አውቀዋለሁ።"

ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ።

"በማተብህ?" አሉኝ አባባ።

ማተቤን እናቴ ነች ክርስትና ስነሳ ያሰረችልኝ። እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። "በማተቤ" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ጋደም አሉ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። የሽማግሌውን ትንፋሽ እየሰማሁ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፤ ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ጠፋኝ። ከዚያ ጸሎቴን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። ጌታዬ ሆይ፣ ወፍ አድርገው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን እየተረኩ ማለፍ ሥራዬ ሆነ። ድምፁ ከፍ ሲል ቶሎ እጀምራለሁ፤ ልጅቷ ፋኖሷን ያዘች፣ አባቷ አሞታል፣ መርከቡ ጉም ውስጥ ገባ እላለሁ። የማላውቀውን ከራሴ እጨምራለሁ። ጩኸቱ ሲመጣ ወፉ ተመለሰ እላለሁ። አንድ ቅዳሜ ፊልሙ አልቆ ዜና እየተነበበ ሳለ ጩኸቱ መጣ።

"ዜና ላይም ወፍ አለ እንዴ?" አለ ሹፌሩ።

"ስለ ወደብ እያወራ ነው" አልኩ።

"እንግዲህ ወፉም ጋዜጠኛ ሆኗላ።" ፊቱ ግን አልሳቀም። አባባ እንደገና አስማሉኝ፤ እንደገና ማልኩ። ሰውን ደስ ማሰኘት ለእኔ ቀላል ነገር ነበር፤ ያን ቀን ግን ምላሴ ከበደኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን መቅላት ጀምሮ ነበር። ፊልሙ ተጀመረ፤ ድምፁ ከፍ አለ፤ እኔም ትረካዬን ጀመርኩ። ልጅቷ ደረጃውን እየወጣች ነው አልኩ። ወፉ ጮኸ።

ያኔ መብራት ጠፋ።

ነፋሱ ቆመ፣ ደወሉ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ሰው "ኧረ!" አለ፤ አንድ ሁለቱ አፏጩ። ከዚያ ፉጨቱም ቆመ። ወፉ ግን አልቆመም።

ያንን ያህል ሕዝብ ዝም ሲል ዝምታው ራሱ ይሰማል። ከግድግዳው ወዲያ አንድ አግዳሚ ሲጥ አለ። የአክስቴ ጎረቤቶች፣ ጓደኞቼ፣ ምናልባት አክስቴ ራሷ፣ ሁሉም ይሰሙ ነበር። ያለ ፊልሙ፣ ያለ እኔ ትረካ፣ ጩኸቱ ምን እንደሆነ ማንም ሊሳሳት አይችልም።

አባባ ቀስ ብለው ተነሱ። ለስግደት መታጠቢያ ውሃ ስላልነበረን ሁለት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው በአቧራው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። እንዲህ ሲያደርጉ በየቀኑ አይቻቸዋለሁ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚሰግዱት በሹክሹክታ ነበር። አሁን እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሱና አዛኑን በሙሉ ድምፃቸው ጀመሩ።

"አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር።"

ሹፌሩ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ጩኸቱ ተቋረጠ። አባባ እንደ ልማዱ አረፍ አሉ፤ የሚሰማ ሰው ቃሉን ተከትሎ እንዲል ጊዜ የሚሰጥበት እረፍት ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያ እረፍት ውስጥ ከኮሪደሩ ማዶ ቀጭን ድምፅ መጣ። ቃሉን መለሰው።

አባባ ቀጠሉ። አረፉ። ድምፁ መለሰ። እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ሳይዘልሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ለእያንዳንዱ እረፍት ጊዜውን ሰጥተው ጨረሱት።

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ። "እሱ ነው" አሉ። "ቀጥኗል እንጂ እሱ ነው።"



"በጎረምሳነቴ አሰብ ወደብ ሁለት ዓመት ሸክም ተሸክሜአለሁ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "የባሕር ወፍ እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አስማሉኝ?"

"አንተ ስትምልልኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"

መብራቱ መጣ። ከግድግዳው ወዲያ ደወሉ እንደገና ጮኸ፤ የሳቀም ያጨበጨበም ሰው አልነበረም። የበሩ መቀርቀሪያ ተሳበና ጥበቃው ገባ። አውራ ጣቱን የሚያሳየኝ ያ ሰው ነበር። አባባን አላየም፤ ቀጥታ እኔን አየ። ሁልጊዜ እንደምታዘዘው ያውቃል።

"አንተ ቴሌቪዥን ከፋች" አለኝ። "ከዚህ ክፍል ማን ነው የጮኸው?"

እንድመልስለት የፈለገውን መልስ አውቀው ነበር፤ ልማዴም ያንን መስጠት ነበር።

"ከቴሌቪዥኑ ነው ጋሼ" አልኩት።

"መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ።"

"እኛንም የገረመን እሱ ነው።"

ከጨለማው ሹፌሩ በአፍንጫው ሳቀ። ጥበቃው በግራ ጆሮዬ ላይ በጥፊ መታኝ፤ ግድግዳው ላይ ወደቅሁ። ትንሽ ቆሞ ሦስታችንንም አየን። ከዚያ በሩን ዘግቶ ወጣ። ያን ምሽት ማንም አልተጠራም።

ማክሰኞ ጠዋት አባባን ጠሯቸው። ሲወጡ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው በአረብኛ አንድ ነገር አሉ። በበሩ ክፍተት አጎንብሼ አየሁ። የሳቸው የጎማ ጫማ አለፈ፤ አጠገቡ ያበጡ ባዶ እግሮች ነበሩ። ሁለቱ እኩል ይራመዱ ነበር፤ አባትየው እርምጃቸውን አሳጥረው። ወዴት እንደወሰዷቸው አላወቅኩም። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ሦስት ቀን ነበረኝ። ቁልፉን ሳዞር የኖርኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። አሁን ነው የምጽፈው።

ዛሬ መንግሥቱ ተቀይሯል፤ እኔም ተፈትቼ፣ ከእኩዮቼ ዘግይቼ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ግራ ጆሮዬ አልፎ አልፎ እንደ ነፋስ ያፏጫል። የባሕሩ ፊልም እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ስለ እውነት ለመናገር አሁንም እወደዋለሁ፤ መውደዴም ያሳፍረኛል። ማተቤን አልበጠስኩትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በእሱ ምዬ አላውቅም።

በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል ቴሌቪዥን አለ። ፊት መቀመጥ ስለማልተው "ድምፅ ጨምርልን" ሲባል የምነሳው አሁንም እኔ ነኝ። ከመጨመሬ በፊት ግን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ወደ ታች አዞረዋለሁ። ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ "አንተ፣ አበላሸኸው እኮ!" ይሉኛል። ቀኝ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አድርጌ ትንሽ እቆያለሁ።

ከዚያ እጨምርላቸዋለሁ።