ሳይጸድቅ የዋለው ፎቶ

ጽናት የባሏን ሞት የሰማችው ከሰው አፍ አይደለም። ዘመሮ ከተማ በምታስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ መምህራን ክፍል ተቀምጣ የተማሪዎቿን ድርሰት እያረመች ነበር። ስልኳ ደጋግሞ ሲጮህ ከፈተችው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰዎች በሚገናኙበት የፌስቡክ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ፎቶ ለጥፏል። ጉም የዋጠው ገደል፣ ጎማው ወደ ላይ የተንጋለለ ሚኒባስ፣ ከመኪናው ፈንጠር ብሎ ሣር ላይ የወደቀ ሰው። የሰውየው ፊት ወዲያ ዞሯል። ግራጫውን ሹራብ ግን ለጉዞው ያጣጠፈችለት ራሷ ናት።

ባሏ ትዕዛዙ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሰንብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው መኪናው የተገለበጠው።

በዚያው ሰዓት ጎረቤቷ ጋሽ ዓለሙ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶውን እንዴት እንደሚነግሯት ይመክሩ ነበር። ሊሄዱ ያሰቡት በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ የትኞቹ ሴቶች ግራና ቀኝ እንደሚይዟት፣ ትንሿን ልጇን ማን ወደ ጎረቤት እንደሚወስዳት ሁሉ ተነጋግረዋል። ጩኸቷ ከትምህርት ቤቱ በኩል ሲሰማ ምክሩ እዚያው ቀረ። ጋሽ ዓለሙ ዛሬም ድረስ ይቆጫቸዋል። "ደርሰን ሳንይዝሽ ወደቅሽብን፣ ልጄ" ይሏታል።

ትዕዛዙ ተቀበረ፤ ፎቶው ግን አልተቀበረም። አርባው ሲደርስ አንዱ "ነፍስ ይማር" ብሎ አወጣው። ሌላው የመንገዱን ብልሽት ለማሳየት ለጠፈው። ጉም በወረደ ቁጥር "አሽከርካሪዎች ተጠንቀቁ" የሚል አይጠፋም፤ ከጽሑፉ ሥር ያው ግራጫ ሹራብ ይታያል። ክፉ አስቦ ያደረገው ሰው አልነበረም። ጽናትን የከበዳትም ይኸው ነው፤ የምትቆጣው ሰው አጣች።

ከግሩፑ ልውጣ ብትልም አልሆነላትም። መንገድ መዘጋቱ፣ መብራት መጥፋቱ፣ የፈተና ቀን መለወጡ፣ የማን ቤት ለቅሶ እንዳለ ሁሉ የሚሰማው እዚያ ነው። ስለዚህ ማጣራት ጀመረች። መጀመሪያ ልጥፉን ከራሷ ገጽ ላይ ሰወረችው፤ በሌላ ሰው ስም ተመልሶ መጣ። ከዚያ የሚለጥፉትን ሰዎች ብሎክ ታደርግ ጀመር። ውሎ አድሮ የትዕዛዙ አክስት ወይዘሮ ገበያነሽ መንገድ ላይ አስቆሟት።

"ምን በደልኩሽ? ስምሽን ብፈልግ ብፈልግ ከስልኬ ጠፋ።"

"እትዬ፣ የእሱን ፎቶ ለጥፈው አየሁ።"

"ለጸሎት ነው እኮ! የወንድሜን ልጅ እኔ አላዝንለትም?"

የሴትዮዋን ዓይን እንባ ሞላው። ጽናት ይቅርታ ጠይቃ እዚያው ቆማ ብሎኩን አነሳችላቸው። በዚያው ሳምንት ፎቶው እንደገና መጣ።

ግሩፑን የመሠረተው አባይነህ የሚባል የራቤል ሰው ነው፤ የግብርና ባለሙያ። በአካል ተያይተው አያውቁም። ስልክ ቁጥሩን ከሰው ተቀብላ ደወለችለት።

"የሞተ ሰው ፎቶ እንዳይወጣ ማድረግ አትችልም?" አለችው።

"እህቴ፣ እኔ ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር ነው የምውለው። ኔትወርክ ያለበት እስክደርስ ሰው ሁሉ አይቶ ጨርሶታል።"

"እና ዝም ይባል?"

"የምታግዢኝ ከሆነ አንቺንም አድሚን ላድርግሽ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ታስቀሪያለሽ" አላት።

እሺ አለች። የአማርኛ መምህርት ናትና መጀመሪያ የተማመነችው በቃላት ነው። የተወሰኑ ቃላት ያሉበት ጽሑፍ ሳይወጣ እንዲያዝ ማድረግ እንደሚቻል ተማረች። "አስከሬን" የሚለውን አስገባች፤ ሰዉ "አስክሬን" እያለ አለፋት። "ሬሳ" ስትል "ሬሣ" መጣ። "ሞተ" የሚለውን ስትጨምር የሞተር ሳይክል ማስታወቂያ ሁሉ ተያዘና ነጋዴዎች ተንጫጩ። በክፍል ውስጥ ስለ ሞክሼ ሆሄያት ስታስተምር አንድም ቀን እንዲህ ያስጨንቁኛል ብላ አላሰበችም። ጭራሽ ያለ አንድ ቃል ፎቶውን ብቻ የሚለጥፍም አለ፤ ለዚያ ቃል አይበጅም።

በመጨረሻ ከአባይነህ ጋር ተስማምተው ማንኛውም ልጥፍ በአድሚን ሳይጸድቅ እንዳይወጣ አደረጉ። "የሚደበቅ ነገር ቢኖር ነው" ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ይሁን እንጂ ግሩፑ ሰላም አገኘ። የገብስ ዋጋ፣ የጠፋ በግ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመንገድ ወሬ ሆነ።

ለጽናት ግን ሰላም አልመጣም። ሌላው እንዳያይ አንድ ሰው ማየት ነበረበት፤ ያ ሰው እሷ ሆነች። መኪና የቀጠፋቸው፣ ወንዝ የወሰዳቸው፣ ጥይት የጣላቸው፣ ከየት እንደሆኑ እንኳ የማይታወቁ ሰዎች ፎቶ ሁሉ እሷ ዘንድ እየመጣ ይጠብቃታል። የስልኩን መሐል በአውራ ጣቷ ሸፍና ከዳር ከዳሩ ማየት ለመደች። አንድ ጫማ፣ ደም የነካው ነጠላ ጫፍ ከታያት ጣቷን ሳታነሳ ትሰርዘዋለች። ያም ሆኖ ሥጋ ቤት በር ላይ ማለፍ ተሳናት። ልጇ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ አተኛኘቷን አይታ ትደነግጣለች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ክፍል ከመግባቷ በፊት ስልኳን ከፈተች። የሚጠብቃት ፎቶ አለ። ጣቷን ብታሳርፍበትም ጽሑፉ ከላይ ነበር፤ "ፍሬአብ፣ የቀየት ልጅ። የጭነት መኪና ተገልብጦበት መርሐቤቴ መንገድ ላይ አርፏል። ቤተሰቡን የምታውቁ አሳውቁ" ይላል።

ፍሬአብን ታውቀዋለች፤ ሾፌር ከመሆኑ በፊት አስተምራዋለች። እህቱ ፀደንያ ደግሞ ዘመሮ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጽናት አሁን የምትገባው እሷ ክፍል ነው።

ፎቶውን የላከው ሰው ጋ፣ ከጽሑፉ ሥር ባለው ቁጥር ደወለች። ሌላ ሾፌር ነው፤ ከኋላ ሲነዳ መጥቶ የደረሰበት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"መታወቂያውን በእጄ ይዣለሁ፣ እህቴ። አስከሬኑን ሆስፒታል አድርሰነዋል። ምነው ሳታወጪው ቀረሽ? እኔ እኮ ሰው አላውቅም፣ ወላጆቹ ይስሙ ብዬ ነው።"

"እኔ አሰማለሁ። እባክህ ሌላ ቦታ አትለጥፈው።"

ቀጥላ ጋሽ ዓለሙ ጋ ደውላ ነገሩን ነገረቻቸው።

"እናቱ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከቀየት ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ዘመዶቹን እኔ አገኛለሁ። እናቱ ነገ ማለዳ መርዶውን ይረዳሉ" አሉ። "ልጅቱን አጎቷ መጥቶ ዛሬውኑ ይወስዳታል፤ እናትና ልጅ አብረው ይስሙት። እስከዚያ አደራ። ብቻዋን ትምህርት ቤት ውስጥ መስማት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ጽናት ክፍል ገባች። የዕለቱ ትምህርት የግሥ ጊዜያት ነበር። ፀደንያ ከፊት ተቀምጣለች፤ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከጓደኛዋ ጋር ትሳሳቃለች። ጽናት ዓይኗን ከእሷ እያሸሸች ስለ ኀላፊ ጊዜ ተናገረች፤ ምን እንዳለች አሁን አታስታውሰውም። ቀጥላ ለትንቢት ጊዜ ምሳሌ የሚሰጥ ማን ነው ብላ ጠየቀች። ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ፀደንያ ናት።

"ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል።"

ጽናት ጠመኔውን አነሳች። ሰሌዳው ላይ "ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል" ብላ ጻፈች፤ ከግሡ ሥርም አሰመረች። ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረች ከሚገባው በላይ ቆየች።

"ቲቸር፣ ልክ ነው?" አለች ልጅቱ።

"ልክ ነው" አለች።

በየዕረፍቱ ስልኳን ስትከፍት ስለ ፍሬአብ የሚጠባበቁት ልጥፎች በዝተዋል። በራሳቸው እንዲሰረዙ ስሙን ከሚታገዱት ቃላት ጋር ብትጨምረውም "ፍሬዓብ" ብለው ይጽፉታል፣ "ፍሬ አብ" ብለው ለያይተው ይጽፉታል። አንድ በአንድ ሰረዘች። አንዱ "ሞት ደብቀሽ ምን ታተርፊያለሽ?" ብሎ በውስጥ መስመር ጻፈላት። የፀደንያ ጓደኞች ስልክ እንዳያወጡ ግቢውን ስትዞር ዋለች። ሌላ ግሩፕ፣ ሌላ መንገድ እንዳለ ታውቃለች፤ የአንዱን በር ብትዘጋ የሁሉን አትዘጋም።

ከሰዓት በኋላ የፀደንያ አጎት መጣ። "እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ እንሂድ" አላት። ፀደንያ ደብተሯን ሰብስባ ስትወጣ ዞር ብላ ጽናትን አየቻት። ጽናት "አይዞሽ" እንኳ ማለት አልቻለችም፤ "አይዞሽ" ማለት መንገር መሰላት።

መርዶው በማግስቱ በወጉ ተነገረ። ጽናት ከጋሽ ዓለሙ ጋር ቀየት ለቅሶ ደረሰች። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እጇን ይዘው አለቀሱ። ጋሽ ዓለሙ ነግረዋቸው ኖሮ፣ "ልጄን ሜዳ ላይ ወድቆ አገር እንዲያየው አላደረግሽብኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሏት። ጽናት ሰውነቷ ቀለል ያላት መሰላት።

ልትሄድ ስትነሳ ፀደንያ ከድንኳኑ ውጭ ጠበቀቻት። ፊቷ አባብጧል፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

"ቲቸር፣ ትናንት ክፍል ውስጥ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሰሌዳው ላይ ሲጽፉትም?"

"አዎ፣ ልጄ።"

"እኔ እኮ ስስቅ ነው የዋልኩት" አለች ፀደንያ። "እሱ ሞቶ እኔ ስስቅ ዋልኩ። እርስዎም ቆመው ያዩኝ ነበር።"

ጽናት የራሷን ነገር ልትነግራት አሰበች፤ ስለ ግራጫው ሹራብ፣ ስለ መምህራን ክፍሉ። ነገር ግን ያ የእሷ ሐዘን ነው፤ ለዚች ልጅ መልስ ይሆናል ብላ አላመነችም። ልጅቱ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ፀደንያ ወደ ትምህርት የተመለሰችው ሐዘኑ ጋብ ሲል ነው። ወንበሯን ለውጣ ኋላ ጥግ ተቀመጠች። ስትጠየቅ አጭር መልስ ትሰጣለች፤ እጇን ግን አታወጣም። ጽናት በበኩሏ አባይነህን አነጋግራ ግሩፑ ላይ አዲስ ደንብ አወጡ፦ የሞተ ሰው ምስል ጨርሶ አይወጣም፤ ስሙም ቤተሰቡ መርዶ መስማቱ ሳይረጋገጥ አይጻፍም። ብቻዋን ማየቱ እንደከበዳት ነግራውም ሁለት ሰዎች ጨመረላት፤ በየተራ ያያሉ። ተራዋ ያልሆነ ቀን ስልኳን ትምህርት ቤት ይዛ አትሄድም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ፀደንያ ሌሎቹ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ክፍል ውስጥ ቀረች።

"ያ የወንድሜ ፎቶ አለዎት?"

"አጠፋሁት።"

"እኔ ሳላየው?"

ጽናት የያዘችውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሷ የባሏን ፎቶ ላለማየት ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ይህች ልጅ ደግሞ ፈልጋ መጥታለች።

"ያነሳው ሰው ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩ አለኝ። ከፈለግሽ እጠይቅልሻለሁ" አለቻት። "ብቻሽን ግን አታዪውም። አብሬሽ እሆናለሁ።"

ፀደንያ ደብተሯን አነሳች።

"አስቤበት እነግርዎታለሁ" ብላ ወጣች።

እስካሁን አልነገረቻትም። ጽናትም አልጠየቀቻትም። የሾፌሩን ቁጥር ግን ከስልኳ አላጠፋችውም።