በእኔ አፍ የተነጋገሩ ባልና ሚስት

እናቴና አባቴ መነጋገር ያቆሙት ወንድሜ የሞተ ጊዜ ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ገና ጡት አልጣለም። አባቴ ገብስ ጭኖ አርብ ገበያ እንደወረደ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። እናቴ "አባቱ ይምጣና አብረን ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን" ብላ ጠበቀች። አባቴ አህያዋን እየነዳ ሲመለስ ልጁ በእቅፏ ውስጥ አልፎ ነበር። ከቀብሩ ማግስት እሱ "ለምን አልወሰድሽውም?" አላት። እሷም "አንተስ የት ነበርክ?" አለችው። ከዚያ ወዲያ ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም። ሲነጋገሩም አልሰማሁም።

ቃላቸው በእኔ በኩል መሄድ ጀመረ። ሦስታችንም አንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን እናቴ "አባትሽን ራት ቀርቧል በይው" ትለኛለች። እሱ በክንድ ርቀት ተቀምጦ ይሰማታል። እኔ ዞር ብዬ "አባዬ፣ ራት ቀርቧል" እስክለው ድረስ ግን እጁን አይታጠብም። ፊት ለፊት እያሉ የሚላላኩት እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ነበር። ከባዱን ቃል የሚልኩት አንዱ ማሳ ሌላው ቤት ሲሆን ነው።

አንድ ቀን እናቴ ምሳውን በአገልግል አሲዛኝ "ከበላ ይብላ፣ ካልበላ ለውሻ ይስጠው በይው" አለችኝ። እንዳለችኝ ነገርኩት። አባቴ አገልግሉን ሳይከፍት ጅራፉን አንስቶ ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። እስኪመሽ በባዶ ሆዱ አረሰ። እኔ ከድንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የገደልኩት መሰለኝ።

በሌላ ቀን የዚያኑ ዓይነት ቃል ስትልከኝ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ማሳው ጋ ስደርስ "ሳይቀዘቅዝ ይብላ ብላለች" አልኩት።

"እሷ ናት ያለች?"

"አዎ።"

ቁጭ ብሎ በላ። ሲጨርስ አፉን ጠረገና "እሺ በያት" አለኝ። ቤት ስደርስ ለእናቴ "እግዜር ይስጥልኝ ብሏል" አልኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ እጇ ትንሽ ቆመ። የዚያን ቀን የእግር ውሃ አሙቃ ጠበቀችው።

ሥራዬ ይህ ሆነ። አባቴ "ጎተራውን ክፍት እየተወች እህሉን በአይጥ አስፈጀችው በያት" ሲለኝ፣ እኔ "ጎተራውን እኔ እዘጋዋለሁ፣ እሷ ትረፍ ብሏል" እላለሁ። እናቴ "ያንን ቡትቶ ልብስ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እንዳያዋርደኝ" ስትል፣ እኔ "ጋቢህን አጥባልሃለች" እለውና ሮጬ ጋቢውን ራሴ አጥባለሁ። እያደግሁ ስሄድ የሁለቱንም ድምፅ ለመድኩ። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ምን ዓይነት እንደሚሆን አውቅ ነበር። ክፉው ቃል የሚወጣው አርብ አርብ እንደነበር ግን ያስተዋልኩት ብዙ ቆይቼ ነው። እኔ የጾም ቀን ስለሆነ፣ ርቧቸው የሚቆጡ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ወንድሜ ከሞተበት አርብ በኋላ በዚያ ቀን ገበያ ወርዶ አያውቅም፤ የሚሸጠውን እህል በጎረቤት ነበር የሚልከው። እነሱ ራሳቸው ይህን ልብ ያሉት አይመስለኝም።

ሃያ ዓመት ሲሆነኝ በመምህርነት ተመድቤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መልእክተኛ ስለሌላቸው በቀጥታ መነጋገር ነበረባቸው፤ ያላቸው ቃል ደግሞ ድሮ እኔ የምቀይረው ዓይነት ብቻ ነበር። ዓመት ሳይሞላ አባቴ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ስማዳ ያለች እህቱ ዘንድ ገባ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ፣ ከወይራው ጥላ ሥር፣ እናቴና አባቴ ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙረው ተቀመጡ። መጀመሪያ አባቴ ተናገረ።

"ልጄ ቤት እያለች ይቺ ሴት ደግ ነበረች። ማሳ ድረስ 'ሳይቀዘቅዝ ይብላ' ብላ ትልክልኝ ነበር። ልጄ ከሄደች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነችብኝ።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ "ሌላ ሰው የሆነውስ እሱ ነው" አለች። "'አንቺ እረፊ፣ እኔ እዘጋዋለሁ' ይለኝ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ስሜን በክፉ ካልሆነ አይጠራውም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ክፉ ተነጋግራችኋል" አሉ። የነፍስ አባታችን ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ መሐላቸው ነው ያደግሽው። ማናቸው ነው የተለወጠው?"

ማንም አልተለወጠም ማለት ነበረብኝ። ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አይቼ፣ የሁለቱንም ደግ ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብዬ እንዴት ልናገር?

"አላውቅም፣ አባ" አልኳቸው።

በዚያው ተለያዩ። ቤቱና የላይኛው ማሳ ለእናቴ፣ በሬዎቹና የታችኛው ማሳ ለአባቴ ሆነ።

በክረምቱ ዕረፍት ቤት ገብቼ ከእናቴ ጋር ባቄላ ስንለቅም ሁሉንም ነገርኳት። የአገልግሉን፣ የጎተራውን፣ የጋቢውን። አላቋረጠችኝም። እኔ ስጨርስ ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አወረደችና "ታዲያ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት?" አለችኝ።

ባቄላውን እንዳለ ትታው ወጣች።

በጥቅምት አባቴ ታሞ አክስቴ ደወለችልኝ። ስማዳ ስደርስ መደብ ላይ ተኝቶ፣ ሆዱ አብጦ፣ እጆቹ እንጨት መስለው አገኘሁት። ሆስፒታል እንውሰድህ ብንለው እምቢ አለ። ለእሱም ልናዘዝለት አስቤ ነበር፤ ሳየው አልቻልኩም። ከዚያ ራሱ ጀመረ።

"የላይኛው ማሳ ገብስ ታጨደ?"

"አልታጨደም፣ አባዬ።"

"በረዶ ያገኘዋል። ደቦ ጠርታ ቶሎ ታሳጭደው በያት። ብቻዋን እንዳታጎነብስበት፤ ወገቧን ያማታል።"

እንደ ልማዴ ከኋላው የሚመጣውን እሾህ ጠበቅሁ። አልመጣም።

"ሌላስ ምን ልበላት?"

"ሌላ የለም። ይህንኑ በያት።"

ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። አስከሬኑን ወደ አጥቢያችን አምጥተን ቀበርነው። እናቴ ከቀብሩ ላይ አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ቀለል ሲል አጠገቧ ተቀመጥኩና የአባቴን ቃል አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኳት። በዕድሜዬ ከሩቅ ካደረስኳቸው መልእክቶች ሁሉ መለወጥ ያላስፈለገው እሱ ብቻ ነበር።

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ይህንንም ያልሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"እማዬ፣ በታቦቱ እምልልሻለሁ፣ እሱ ራሱ ነው..."

"አትማይ። ልጄ፣ በታቦት አትማይ።"

ከደጅ አዲስ ለቀስተኞች ገቡ። ተነስታ ልትቀበላቸው ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤት ተሰብስቦ ገብሱን ሊያጭድልን መጣ። እሷ ጥላ ሥር እንድትቀመጥ ሁሉም ለመኗት። አልሰማችም፤ ማጭድ ይዛ ከሁሉም ቀድማ ገባችና እስከ ማታ ወገቧን ቀና አላደረገችም። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ ነዶ አስር ነበር። ደጋግሜ "ወገብሽን ያምሻል" ልላት አፌን እከፍታለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ።