የኑሪ እንግሊዝኛና የእኔ መዳፍ

በዘንድሮው አረፋ፣ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ሐያት ቡታጅራ መጥታ ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። እኔ መድረቁን ላውቅ ከጆንያው ማረቆ በርበሬ እየዘገንኩ ስጨብጥ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ፣ እሷ ከስልኳ አነበበችልኝ፦ «አባባ፣ ‹ፊል› የሚለው የእንግሊዞቹ ቃል እኮ ድሮ ትርጉሙ በእጅ መዳሰስ ብቻ ነበር። ዘሩ ከመዳፍ ነው ይላሉ፤ ሐዘን መሰማቱ፣ ደስታ መሰማቱ የተጨመረበት ኋላ ነው።» ይህን ስሰማ ሽምግልናዬን ረስቼ እንደ ልጅነቴ ቀናሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የወንድሜ የኑሪ ቃል ነበር።

አባታችን በርበሬ ነጋዴ ነበር፤ በቤታችን አንዱ ልጅ ለሱቁ፣ አንዱ ለትምህርት ነው። ማን ለየቱ እንደሚሆን ሊለይ ሁለት ጆንያ አቁሞ፣ ዓይናችንን በሻሽ አስሮ፣ እጃችንን እስከ ክርናችን አስገባንና የትኛው እርጥበት እንደያዘ ጠየቀን፤ እርጥብ በርበሬ ሻግቶ ጆንያውን በሙሉ ያበላሻልና እጁ የማያውቅ ሰው ነጋዴ አይሆንም። ኑሪ «ሁለቱም ደረቅ ነው» አለ። እኔ ግን ለመመስገን ቸኩዬ «የግራው መሃሉ ረጥቧል!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ መዳፌን ሳመው። ያሸነፍኩ መስሎኝ ስንጠባረር ሰንብቼ፣ ሰኞ ጠዋት ኑሪ አዲስ ደብተር በብብቱ ሸጉጦ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ነው የተሸነፍኩት እኔ መሆኔ የገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር እንግሊዝኛውን ይነዛብኝ ጀመር። «ፊል ማለት መንካት ነው።» «ለመንካት ደሞ እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል?» አልኩት። በሳምንቱ ማዘንም ነው፣ መታመምም ነው ብሎ መጣ፤ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ እኔ ዘንድ ዝር አለማለቱ አንገበገበኝ። በርበሬ ሲዝቅ የዋለ እጄን ለሰላምታ ዘረጋሁለት፤ ጨብጦኝ ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ሲያሽ ጩኸቱ መስጊዱ ድረስ ተሰማ። «በል አሁን ፊል አድርገው!» አልኩት። አባቴ ገረፈኝ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ኑሪ ወልቂጤ ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ኖረ። ሊጠይቀን ሲመጣ ሰዉ «ቲቸር» እያለ ሲነሳለት፣ እኔ ሚዛኔ ላይ አጎንብሼ የማስተካክል እመስል ነበር። አምና ጡረታ ወጥቶ ሲመጣ እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተና «ከድር፣ ይሄ እኮ መሃሉ ረጥቧል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ደንግጬ አየሁት። «ያን ቀንም አውቄው ነበር፤ ደረቅ ነው ያልኩት መማር ፈልጌ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ፤ «አባታችን ግን የኔን መዳፍ አንድ ቀን እንኳ ሳይስም ሞተ።» ዕድሜ ልኬን የቀናሁበት ሰው ለካ እሱም ሲቀናብኝ ኖሯል። ተነስቼ በርበሬውን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

በዘንድሮው ረመዳን አረፈ፤ አላህ ይዘንለት። ቢኖር ኖሮ፣ «ያ ስትኮራበት የነበረው ቃልህ ከመዳፍ ነው የወጣው» ብዬ እኩራራበት ነበር፤ አሁን የምቀናበትም የምኩራራበትም ሰው የለኝም።

ሐያት «ደርቋል አባባ?» ብላ ስትጠይቀኝ ረስቼ በርበሬ በዘገንኩበት እጄ ዓይኔን ጠረግኩ። ያስለቀሰው በርበሬው ነው ብላ ውሃ ልታመጣ ሮጠች፤ እኔም አይደለም አላልኳትም።