ከተማዋ ላይ ድስት አይቀመጥም

«ጨርቅ እናልብሰውና ወጡን እንደርድርበት እንጂ፣ ሌላ ለምን ይሆናል?»

አሉ ጋሼ፣ የጠረጴዛዬን ጫፍ ይዘው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ኦሃዮ፣ ሚነርቫ ፓርክ ያለው ቤት የእሳቸው ነው፣ እኔ ከሥር ቤዝመንቱ ውስጥ እኖራለሁ። እዚህ አገር ሁሉም ነገር ወደ ቅዳሜ ስለሚገፋ የማርያም ማኅበርም ቅዳሜ ነው፤ ተራው ደግሞ የእሳቸው፣ የሚበላውም እዚሁ ታች።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው በባቡር ምክንያት ተቆርቁራ ባቡሩ ሲቀር ያበቃላት የኦሃዮ ከተማ ናት። ከላይብረሪ ፎቶግራፎች እያየሁ በካርቶንና በጀሶ አሳንሼ ሠራኋት፤ ጣቢያው፣ የውኃ ማማው፣ ከሐዲዱ ጀርባ የሠራተኞቹ ጎጆዎች። በጎጆዎቹ መካከል በመርፌ ክር የልብስ ማስጫ ዘርግቻለሁ። ይሄ ፎቶው ላይ የለም። ጣቢያውን ያነሣው ሰው ጓሮ አልዞረም። በከሰል ጥላሸት መሀል ነጭ አንሶላ ያሰጣች ሴት ግን መኖሯ አይቀርም፤ አሰጣሁላት።

«የድሬዳዋን ባቡር ብትሠራ ለእንግዳ እናሳየው ነበር» አሉ ጋሼ። «የፈረንጅ መንደር ምንህ ናት?»

«የምኖረው እዚህ ነው። ድሬዳዋን የማውቃት በወሬ ነው።»

«ጺም አውጥተህ በመጫወቻ!»

«እርስዎስ እሑድ እሑድ ያንን ፒክአፕ ሲያሻሹ ይውሉ የለ?»

ባለቤታቸው እትዬ የጠረጴዛ ልብስ ታቅፈው ወረዱ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ አድርጌ ነው የማለብሰው።» እውነትም ቀስ አድርገው አለበሱት። ከዚያ ጎጆዎቹ ያሉበትን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ። «እዚህ ጋ ዶሮው፣ እዚህ ጋ ምስሩ።» የአንዱ ጣሪያ ሲሰበር ተሰማኝ።

ጨርቁን ገፈፍኩት።

«ሰው ቤት ላይ ድስት አይቀመጥም።»

«የቱ ሰው ነው እዚህ የሚኖር?» አሉ ጋሼ።

«ኖረዋል።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ወይ ይሄ ይፈርሳል፣ ወይ አንተ ትለቃለህ። በማኅበርተኛ ፊት አላፍርም።»

ጠረጴዛው በቡሎን ከተያያዙ ቁራጮች የተሠራ ነው፤ እየፈቱ ከነከተማዋ ማንሣት ይቻላል። መፍቻዬን አነሣሁና ከጎጆዎቹ ጀመርኩ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልለቅ ነዋ። አብራኝ ትሄዳለች።»

«የት ልታስቀምጣት?»

«መኪናው ውስጥ። ካልበቃትም ጣሪያው ላይ።»

እትዬ «ተው እንጂ፣ ተዉ እንጂ» እያሉ ሁለታችንንም ይለምናሉ። የመጀመሪያውን ቁራጭ አቅፌ ወደ ጓሮው በር ሄድኩ። ማንም መንገድ አልዘጋብኝም። ወጣሁና፣ እጄ ስለተያዘ በሩን በተረከዜ ዘጋሁት።