ይቅር

የመሥሪያ ቤቱ ሰው «እትዬ አራት ነጥብ» ይላታል። በአገር መሪው ጽሕፈት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትተይብ ዓረፍተ ነገር ሳትዘጋ የለቀቀችው ወረቀት የለም። ባሏ «እኔንም ሳልጨርስ ነው የምትዘጋኝ» እያለ ያሾፍባታል። እውነቱን ነው፤ ትዘጋዋለች።

ከመሪው ክፍል የሚወጣውን መዝገብ አለቃዋ ያነባል፣ እሱ ያላትን እሷ ትተይባለች። የዚያን ቀን ግን አለቃዋ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ መዝገቡ በቀጥታ እሷ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሰው ገድሎ ሞት የተፈረደበት የአንድ ሾፌር የምሕረት ጥያቄ ነው። ፍርዱ በማግስቱ ጠዋት ይፈጸማል፤ መልሱን የሚያደርሰው መልእክተኛ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ከማመልከቻው ግርጌ በመሪው እጅ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «ይቅር»።

መተየብ ጀመረችና እጇ ቀጥ አለ። ማን ነው ይቅር የተባለው? ሰውየው ከሆነ ይኖራል። ጥያቄው ይቅር ከተባለ ግን ሰውየው ይሞታል። ጮክ ብላ አነበበችው፤ ያው ነው። ይህ ቋንቋችን አንዳንዴ ሰው ይጨርሳል!

ለአለቃዋ ደወለች።

«ምኑ ነው የሚያደናግርሽ?» አላት ባበጠ ድዱ። «ውድቅ ሆኗል በይና ላኪው።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ! በማያገባሽ አትግቢ፣ እትዬ።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ወረቀቱን ይዛ የመሪውን በር አንኳኳች። መሪው ጫማውን አውልቆ ሶፋ ላይ ኩርምት ብሏል። ቁርሱ አልተነካም። በቴሌቪዥን የምታውቀው ግርማ የት እንደገባ እንጃ፤ አንጀቷን በላት።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህቺ ቃል ለሰውየው ናት ለጥያቄው?»

ወረቀቱን ተቀብሎ ያቺን ቃል አያት።

«አንቺ እንዴት አነበብሻት?»

«እኔ ፊደል ነው የምለቅመው፣ ጌታዬ። ነፍስ አልችልም።»

«እኔም አልቻልኩም» አለ። «የሱ ሚስት ስትጽፍልኝ አነባለሁ፤ የሟቹ እናት ስትጽፍልኝ አነባለሁ። እንቅልፍ ካየሁ ወር ሆነኝ። ‹ሹመት ያዳብር› ያለኝ ሁሉ ቁረጥ ሲባል ዘወር ይላል። እንዲያ አድርጌ የጻፍኩት አንዳችሁ እንድትቆርጡልኝ ነው መሰለኝ።»

ደሟ ፈላ። «እንግዲያ ተሳስተዋል! ሹመቱ የርስዎ፣ ሸክሙም የርስዎ ነው» አለችው። ካፏ ካመለጣት በኋላ ነው የደነገጠችው።

እስክሪብቶውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማታል። በመጨረሻ «ይቅር» የሚለውን ሰርዞ «በሕይወት ይኑር» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ወረቀቱን ነጥቃው ልትሮጥ ዞረች።

«ቆዪማ» አላት። «ከዚህ በፊት ሦስት መዝገብ ላይ እንዲሁ ‹ይቅር› ብዬ ጽፌ ነበር። መጥቶ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኳችሁም። እነሱን ምን ብላችሁ ጻፋችኋቸው?»

የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ሦስቱንም ታስታውሳለች፤ አለቃዋ እያነበበላት በአንድ ትንፋሽ ነው የተየበቻቸው። «ብለን» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም።

«ውድቅ ሆኗል» አለች፣ «ብዬ።»