ብሩ በባሏ ስም ይገባል

ታላቅ እህቴ የተዳረችው ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ መንደር፣ ገብስና ነጭ ሽንኩርት ለሚያመርት ገበሬ ነው። የማይማታ፣ የማይሳደብ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው። ክፉማ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ልከን፣ እሱም ተወቅሶ፣ ነገሩ ባለቀ ነበር።

እህቴ ስፌት ትሰፋለች። አክርማውን ራሷ አጭዳ፣ ራሷ ቀለም ነክራ የሰፋችውን ሙዳይና ሌማት በገበያ ቀን ዳባት አውርዳ ትሸጥ ነበር። የምታገኘው ብዙ አልነበረም፤ ግን ምን አደረግሽው የሚላት የለም። ጨው፣ ሳሙና፣ የልጆች ደብተር፣ የማኅበሯ ድግስ ከዚያ ይወጣል። እኔም ደባርቅ ቤት ተከራይቼ የተማርኩት በዚያው ነው።

አንድ ጊዜ የባሏ የወንድም ልጅ ለለቅሶ ከአዲስ አበባ መጣ። ነጋዴ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ሙዳይ አይቶ በስልኩ አነሳውና፣ «ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው፤ ሰው ይወደዋል» አለ። ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

«እትዬ፣ ሰው ተሻማበት! ያለዎትን ሁሉ ይላኩልኝ።»

የሰጠው ዋጋ ዳባት ላይ ከምታገኘው እጥፍ ነበር። እኔም ያኔ ደባርቅ አስተማሪ ሆኜ ነበርና ፎቶውን ከፍቼ «የእህቴ እጅ ነው» እያልኩ ለባልደረቦቼ አሳየሁ።

ብሩ ግን የሚመጣው በባንክ ነው፤ የባንክ ደብተር ያለው ደግሞ ባሏ። መጀመሪያ የመጣውን እንዳለ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ቀጥሎ ግማሹን ሰጥቷት፣ «የቀረውን ለቆርቆሮ እናጠራቅም» አላት፤ እሷም ተስማማች። ከዚያ በኋላ መማከሩም ቀረ። ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ በሬ ተገዛ። መንደርተኛው «ያች ሴት ታደለች» ይላል። እሷ ግን ገበያ መውረድ ትታ፣ ቀዩን ቀንሱ፣ ትንንሹን አብዙ የሚለውን የስልክ ትእዛዝ እየሰማች በራፏ ላይ ትሰፋለች።

አንድ እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ ባሏን፣ «ሳሙና አልቋል፤ የሳሙና ይስጡኝ» አለችው።

«በቀደም ሰጥቼሽ የለም እንዴ? ምን አደረግሽው?»

አልተቆጣም። ለማወቅ ብቻ ነበር የጠየቀው። እህቴ ከያዘችው ሌማት ቀና አለች።

«ታጠብንበት» አለችው።

እኔ ግን አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ብሩኮ የእሷ ድካም ነው» አልኩት።

«የእኔስ ሽንኩርት የእሷ አይደለም? ቆርቆሮው የሚከድነው እኔን ብቻ ነው?» አለኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ዳባት ወሰድኳትና በስሟ የባንክ ደብተር አወጣን። ብሩን በዚያ እንዲልክ ለነጋዴው ስንደውልለት፣ «እትዬ፣ እኔ በባልና ሚስት መካከል አልገባም። አጎቴ ላክ ካሉኝ እልካለሁ» አለ። አጎቱ ላክ አላለም።

ከትእዛዙ አንድ ሙዳይ አስቀርታ እንደ ድሮዋ ገበያ ወረደች። ከጎንደር እየመጡ ይገዙ የነበሩት ነጋዴዎች እነሱም በስልክ ማዘዝ ለምደዋል፤ ጎረቤቶቿም የእሷን ቆርቆሮ አይተው ለስልክ መስፋት ጀምረዋል። ስትጠብቅ ውላ ሙዳይዋን ይዛ ተመለሰች።

«ስፌት ተራ ሰው የለም። አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው እንኳ የለችም። የማወራው ሰው አጥቼ ዋልኩ» አለችኝ።

ከዚያ በእኛ አካባቢ የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራት ሳይከፈት ቆየ። ብር መላክ ስላልተቻለ ትእዛዙ ቆመ፣ ነጋዴውም ወደ ሌላ ንግድ ዞረ። ባሏ «በይ እንግዲህ፣ እንደ ድሮሽ ገበያ አውጪ» ሲላት፣

«ዓይኔ ደክሟል» አለችው።

የምትሰፋበትን ወስፌ የቤቱ ወጋግራ ላይ ሰካች፤ ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። ኢንተርኔቱ ተከፍቶ ነጋዴው እንደገና ሲደውልም መልሷ ያው ነበር። በሬው ተሸጠ። ዓይኗ ግን ደህና ነው፤ ከምስር ውስጥ ጠጠር ስትለቅም አይቻታለሁ።

ባሏ ከልቡ አዘነላት። ሥራውን ጥሎ ዓይኗን ጠበል ሊያስጠምቃት በበቅሎ ደረስጌ ማርያም ወሰዳት፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ጠበሉ ዳር ጋቢውን አልብሷት ዞር ሲል፣ ጠጋ ብዬ «ምነው ብትነግሪው? ዓይንሽ እንዳልሆነ ምነው ብትነግሪው?» አልኳት።

«የሚገባው ቢሆን ሳሙናውን ስጠይቀው ይገባው ነበር» አለችኝ።

ቄሱ መጥተው በመስቀላቸው ዓይኗን ዳበሱና «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሏት። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ። እሷም ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች።